የመጠበቅ ጥበብ፦ የልብ አንጠልጣይ ፊልም ቅንብር ዳሰሳ

በሰሙነ ሕማማት፣ በአዊ ምድር ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ግብረ ሕማማቱ በየሰዓቱ ሲነበብ፣ ቆሞ የሚያዳምጠው ምእመን የነገሩን ፍጻሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ጠንቅቆ የሚያውቀው ሆኖ ሳለ፣ ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት ሲሞቅ፣ ገረዲቱም ቀርባ ስትጠይቀው፣ እርሱም አይደለሁም ብሎ ሲክድ በሰማ ቁጥር፣ የዶሮው ጩኸት እየቀረበ መምጣቱን እያሰበ ልቡ ይሸበራል። ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ እንደሚክድ አስቀድሞ ተነግሮናልና የምንሰማው ነገር አዲስ አይደለም፤ የምንጨነቀውም ስለምናውቅ ነው። ይልቁንም ወንጌላዊው ዮሐንስ የመጀመሪያውን ክህደት ከነገረን በኋላ ጴጥሮስን እሳቱ ዳር ትቶ ወደ ውስጥ ይዞን ይገባና የጌታን ምርመራ ያሰማናል፤ ከዚያም እንደገና ወደ እሳቱ ዳር መልሶን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክህደት ያስከትላል። በአንድ ሰዓት በሁለት ቦታ የሚሆነውን ነገር እያፈራረቁ የመተረክ ጥበብ፣ ሲኒማ ከመፈጠሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ተሠርቶበት ነበር።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው። ልብ አንጠልጣይ የምንለው ፊልም የተመልካቹን ልብ የሚያንጠለጥለው በምንድር ነው? በታሪኩ ነውን? በተዋናዩ ፊት ነውን? በሙዚቃው ነውን? ወይስ ካሜራው ያነሣው ሁሉ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ከገባ በኋላ፣ የትኛው ምስል ቀርቶ የትኛው እንዲታይ፣ የታየውም እስከ መቼ እንዲቆይ በሚወስነው ሰው እጅ ነው? መልሴ የኋለኛው ነው። ታሪኩም፣ ተዋናዩም፣ ሙዚቃውም የየራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው አልክድም፤ ነገር ግን ዕውቀትንና ጊዜን መጥኖ ለተመልካች የሚሰፍርለት፣ ባለሙያዎቹ ኤዲተር የሚሉት የፊልሙ አቀናባሪ ስለ ሆነ፣ ጭንቀቱ የሚወለደው ከእርሱ ጠረጴዛ ላይ ነው።

አንድ ምስል ብቻውን ሲታይ ምን ያህል ዲዳ እንደ ሆነ የሚያስረዳን፣ ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ባሉት ዓመታት አደረገው እየተባለ በየፊልም ትምህርት ቤቱ የሚጠቀሰው ሙከራ ነው። ኩሌሾቭ የተዋናዩን የኢቫን ሞዡኺንን ምንም የማይነበብበት ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን ጋር፣ አንድ ጊዜም ከሬሳ ሣጥን ጋር አጣምሮ ሲያሳይ፣ ተመልካቹ በመጀመሪያው ረኀብን፣ በሁለተኛው ኀዘንን አየሁ ብሎ የተዋናዩን ችሎታ አደነቀ፤ ፊቱ ግን አንድና ያው ነበረ። ስሜቱ ያለው በአንደኛው ምስል ውስጥ ወይም በሁለተኛው ምስል ውስጥ ሳይሆን ሁለቱ በተጋጠሙበት ስፌት ላይ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ከዚያም በፊት አሜሪካዊው ዴቪድ ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1909 «ዘ ሎንሊ ቪላ» በተባለው አጭር ፊልሙ፣ ሌቦች በሩን ሲሰብሩ፣ እናትና ልጆቿ በውስጥ ሲጨነቁ፣ ባልየውም በስልክ ጉዱን ሰምቶ ወደ ቤቱ ሲገሠግሥ፣ ሦስቱን እያፈራረቀ በማሳየት ትይዩ የሚባለውን ቅንብር ለልብ ስቀላ አውሎት ነበር። በእኛም አገር የአዲስ አበባ ሕዝብ ከመጀመሪያዎቹ የሲኒማ አዳራሾች አንዱን «ሰይጣን ቤት» ብሎ የሰየመው፣ በግድግዳ ላይ የሚሮጡት ጥላዎች በልብ ላይ ያላቸውን ሥልጣን በተረዳው መጠን ቢሆን ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ዕውቀት ስፍር ከሁሉ አጥብቆ የተናገረው እንግሊዛዊው አልፍሬድ ሂችኮክ ነው። ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለፍራንሷ ትሩፎ በሰጠው ሰፊ ቃለ ምልልስ ያስረዳው ምሳሌ የታወቀ ነው፤ ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሲያወሩ ድንገት ቦምብ ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሰከንድ ይደነግጣል፤ ነገር ግን ቦምቡ ከጠረጴዛው ሥር መቀመጡንና የሚፈነዳበትን ሰዓት ተመልካቹ አስቀድሞ አውቆ፣ ሰዎቹ ሳያውቁ ስለ ተራ ነገር ሲጫወቱ ቢያይ፣ ያ ተራ ጨዋታ ራሱ የማይቻል ጭንቀት ይሆንበታል። ሂችኮክ ራሱ ይህን እ.ኤ.አ. በ1936 «ሳቦታዥ» በተባለው ፊልሙ ሞክሮት፣ ቦምብ መያዙን የማያውቀውን ሕፃን በአውቶቡስ አሳፍሮ ካስጨነቀን በኋላ ቦምቡን አፈነዳው፤ ኋላም ተመልካቹን ያን ያህል አስጨንቆ ዕረፍት መንሣቱ ስሕተት እንደ ነበረ ተናግሯል። ይህ ጸጸቱ ለሙያው ትልቅ ትምህርት ነው፤ የተንጠለጠለ ልብ የሚያርፍበት ሥፍራ ይፈልጋልና።

ከሂችኮክ ይልቅ እኔን የሚያረካኝ ምሳሌ ግን ከአፍሪካ ምድር የመጣው ነው። ጂሎ ፖንቴኮርቮ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው «የአልጀርስ ጦርነት» በተባለው ፊልም ሦስት አልጄሪያውያን ሴቶች ቦምብ በቅርጫትና በቦርሳ ይዘው የፈረንሳይን የፍተሻ ኬላ ያልፋሉ። አንደኛይቱ በቡና ቤት ተቀምጣ ቦርሳዋን በእግሯ ወደ ውስጥ ከገፋች በኋላ፣ አቀናባሪው ቸኩሎ ወደ ፍንዳታው አይሄድም፤ የሴቲቱን ዓይን ያሳየናል፣ ከዚያም ዓይኗ ያረፈባቸውን ሰዎች፣ የሚጠጡትን፣ የሚሳሳቁትን፣ አይስክሬም የሚልሰውን ሕፃን አንድ በአንድ ያሳየናል፤ በመካከሉም ሰዓቱን። ተመልካቹ ለነጻነት የሚታገሉትን ሴቶች ሲደግፍ የቆየ ቢሆን እንኳ ሕፃኑን ባየ ጊዜ ኅሊናው ለሁለት ይከፈላል። በዚህ ቦታ ቅንብር ፍርሀትን ከመፍጠርም አልፎ ፍርድን ከተመልካች የሚጠይቅ ሥራ ሆኗል፤ የዚህን ያህል የሠራ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ብዙ አላውቅም።

ሁለተኛው የአቀናባሪ ሥልጣን በጊዜ ላይ ነው። በዓለም ሰዓት ሦስት ሰከንድ የሚፈጀውን ነገር በፊልም ሰዓት ሠላሳ ሰከንድ ማድረግ፣ የአንድ ቀኑንም በአንድ ቅጽበት መዝለል የእርሱ ፈንታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው «ሃይ ኑን» ወንበዴው በቀትር ባቡር እስኪመጣ ድረስ ያለውን ጊዜ ከፊልሙ ርዝመት ጋር ሊያስተካክል ጥቂት እስኪቀረው አቀራርቦ፣ የግድግዳ ሰዓቶችን ደጋግሞ እያሳየ፣ ቀትሩ ሲቃረብም የተጨነቁትን ፊቶች በተመጠነ ምት እያከታተለ፣ አንድ ተኩስ ሳይተኮስ ያስጨንቃል። ይህን የምት ጉዳይ ከእኛ ሊቃውንት የተሻለ የሚያስረዳ ያለ አይመስለኝም፤ በማኅሌት ያደረ ሰው እንደሚያውቀው፣ አገልግሎቱ ከቁም ዜማ ወደ ዝማሜ፣ ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከመረግድም ወደ ጽፋት ሲሸጋገር ቃሉ ያው ሆኖ ሳለ ከበሮው እየፈጠነ፣ እግሩም እየፈጠነ፣ የሰሚው ልብ ሳይታወቀው ይከተላል፤ ጽፋት የሚያስደስተው ግን ቁም ዜማው በትዕግሥት ስለ ቆየ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጽፋት የሚሄድ ፊልም ጆሮን ያደነቁራል እንጂ ልብን አይሰቅልም። ታላቁ አሜሪካዊ አቀናባሪ ዋልተር መርች ጥሩ ቆረጣ፣ ማለትም ከምስል ወደ ምስል መሻገሪያው፣ የሚመዘንባቸውን ስድስት መመዘኛዎች ሲሰፍር፣ ከመቶ 51 እጁን ለስሜት፣ 23ቱን ለታሪክ፣ 10ሩን ለምት፣ የቀረውን ለቦታና ለዓይን አቅጣጫ የሰጠው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የቦታው ቀጣይነት ቢዛነፍ ተመልካች ይቅር ይላል፤ ስሜቱ ከተሰበረ ግን ይቅርታ የለም።

ይህ ሁሉ በቃል ሲነገር የራቀ ሊመስል ስለሚችል፣ በዓይናችን በምናየው ነገር ልፈትነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ ፈረሶች በዐድዋ የዋሉትን ውለታ እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፣ በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፣ በግላስና በልጓም ያጌጡት ፈረሶች በሜዳው ላይ ሲፈስሱ የሚያነሣው ካሜራ እጅግ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በቴሌቪዥንና በስልክ የምናየው ምስል አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ የተነሣ፣ ከዳር እስከ ዳር በባህል ዘፈን የተሸፈነ ስለ ሆነ፣ በሜዳው የቆመ ሰው የሚሰማው መንቀጥቀጥ አይደርሰንም። ጉግስን ብቻ ነጥለን እንውሰድ። አንዱ ጋሻውን በጀርባው ላይ አድርጎ ይሸሻል፤ ሌላው ዘንጉን አንሥቶ ያሳድዳል። ከሩቅ ሲታይ ሁለት ፈረሶች ናቸው። አሁን ግን አቀናባሪ እንሁን፤ በመጀመሪያ ሁለቱን ፈረሶች በአንድ ምስል ውስጥ አሳይተን በመካከላቸው ያለውን ርቀት እናስተምር፤ ተመልካች ርቀቱን ካላወቀ መጥበቡ አያስጨንቀውምና። ከዚያ ወደ ሸሺው ፊት እንሂድ፤ እርሱ ወደ ኋላ ማየት አይችልም፤ እኛ ግን እናያለን። ቀጥሎ ዘንጉን የጨበጠውን እጅ፣ ቀጥሎ እርካብ የረገጠውን እግር፣ ቀጥሎም እንደገና ሁለቱን በአንድ ምስል፣ ርቀቱ በግማሽ ተቀንሶ። በዚህ ጊዜ ዘንጉ ሊወረወር ሲል ቆርጠን ዳር ወደ ቆመች እናት ፊት ብንሄድ፣ የእርሷም ዓይን ሳይጨፈን ሁለት ሰከንድ ቢቆይ፣ ከዚያም የምንሰማው የዘንጉና የጋሻው ግጭት ብቻ ቢሆን፣ ያለ አንዳች ሙዚቃ የተመልካቹ ትንፋሽ ይቋረጣል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ሸሺው ከግራ ወደ ቀኝ እየጋለበ ከታየ እስከ ፍጻሜው ድረስ አቅጣጫው መጠበቅ አለበት፤ አለዚያ የሚያሳድደውና የሚሸሸው ተገናኝተው የሚላተሙ ይመስላልና ጭንቀቱ ወደ ግራ መጋባት ይለወጣል። የሙያው ሰዎች ይህን የመቶ ሰማንያ ዲግሪ ሕግ ይሉታል።

ማሳየት ብቻ ሳይሆን መደበቅም የዚሁ ጥበብ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሂችኮክና አቀናባሪው ጆርጅ ቶማሲኒ በ«ሳይኮ» የመታጠቢያ ቤቱን ግድያ ሲሠሩ፣ አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ ቁራጭ ምስሎችን አከታትለው፣ ቢላዋው ሥጋ ሲቆርጥ ሳያሳዩ ተመልካቹ እንዳየ እንዲምል አድርገውታል። «ጆውስ» በተባለው እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው ፊልምም ሰው ሠራሹ የሻርክ ዓሣ በየጊዜው እየተበላሸ ስላስቸገረ፣ ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግና አቀናባሪዋ ቨርና ፊልድስ ዓሣውን ለረጅም ጊዜ ደብቀው ውኃውን ብቻ ማሳየቱን መረጡ፤ እርሷም በዚሁ ሥራ ኦስካር ተሸለመች። በፊልሙ የባሕር ዳሩ ትዕይንት ፖሊሱ ውኃውን ሲጠባበቅ መንገደኞች በፊቱ እያለፉ ዓይናችንን ይጋርዱታል፤ አንዱ መንገደኛ ምስሉን ሲሸፍነው ቆረጣው በዚያ ሥር ይደበቅና፣ ሌላው ሲያልፍ ወደ ፖሊሱ ፊት የበለጠ ቀርበን እንገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው «የበጎቹ ዝምታ» ደግሞ ተመልካች በትይዩ ቅንብር ያለውን እምነት ራሱን ወጥመድ አድርጎ፣ ፖሊሶች የከበቡት ቤትና ነፍሰ ገዳዩ ደወል የሚሰማበት ቤት አንድ መስለውን ሳለ፣ በሩ ሲከፈት ሁለት የተለያዩ ቤቶች መሆናቸውን ያሳየናል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቆረጣ በበዛ ቁጥር ጭንቀት ይበዛል ብሎ የሚደመድም ሰው ግን ይሳሳታል። ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1958 «ተች ኦቭ ኢቭል» የተባለውን ፊልም ሲጀምር፣ በመኪና ላይ ቦምብ ሲጠመድ አሳይቶ፣ ከሦስት ደቂቃ በላይ አንድም ጊዜ ሳይቆርጥ መኪናውን በሕዝብ መካከል ያስከትለናል፤ አለመቁረጡ ራሱ ነው የሚያስጨንቀን። የእኛው ኃይሌ ገሪማም እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በተባለው ጥቁርና ነጭ ፊልሙ፣ የገበሬውን ድካምና የባለ ርስቱን ግፍ በረጃጅም ምስሎች ያለ ችኮላ እያሳየ ቁጣውን ጠብታ በጠብታ ካጠራቀመ በኋላ ነው ከበበ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ዱላ የሚያስነሣው። ፊልሙን ልብ አንጠልጣይ ብሎ የሚመድበው የለም፤ ነገር ግን ትዕግሥት የጭንቀት እናት መሆኗን ለማስተማር ከእርሱ የሚበልጥ የአማርኛ ሥራ አላገኘሁም።

ወደ አገራችን ፊልም ስንመለስ፣ በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» ከታየ ወዲህ፣ በ1966 ዓ.ም. ገደማም ሚሼል ፓፓታኪስ የደም በቀልን ነገር የያዘውን «ጉማ»ን ካቀረበ ወዲህ፣ በሴሉሎይድ የተሠሩት ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ኋላ ዲጂታል ካሜራና ኮምፒዩተር ሲመጡ ሥራው በዛ፤ ይድነቃቸው ሹመቴ በ«ኒሻን»፣ ቴዎድሮስ ተሾመም በ«ሦስት ማዕዘን» የሥጋትንና የአደጋን ታሪክ ሞክረዋል። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው «ሰው ለሰው» ተከታታይ ድራማ ደግሞ የሂችኮክን ሕግ በገዛ አገራችን አስመስክሯል፤ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ምን እንዳሰበ ተመልካቹ ያውቃል፣ አብረውት የሚበሉት ግን አያውቁም፤ በዚህም የተነሣ ተራ የሰላምታ ልውውጥ እንኳ ያስፈራ ነበር።

ሁለት ፊልሞች ግን ቆም ብሎ ማየትን ይጠይቃሉ። ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ እ.ኤ.አ. በ2014 በሳንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ባገኘው «ድፍረት»፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ የምትመለሰውን ሂሩት የተባለች ልጅ በፈረስ በመጡ ጠላፊዎች ያስከብባታል። ልጅቱ በሰፊው መስክ ላይ ትንሽ ሆና ስትታይ፣ ፈረሶቹ ሲቀርቡ፣ መስኩ ሰፊ ሆኖ ሳለ መሸሻ ሲጠፋ፣ እንደ እኛ ፈረስን በክብርና በበዓል ለሚያውቅ የአዊ ሰው ትዕይንቱ እጥፍ ይከብዳል። ጠላፊዋን ተኩሳ ከገደለች በኋላም ፊልሙ ጭንቀቱን ከመስኩ ወደ ፍርድ ቤቱ ያዛውረዋል፤ ማን ገደለ የሚለው ጥያቄ የለም፤ ያለው ጥያቄ ሕግ ነፍሷን ያተርፋት ይሆን የሚለው ነው። ኃይሌ ገሪማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣውና በማግሥቱ ዓመት በፌስፓኮ የፊልም ፌስቲቫል የየኔንጋን ወርቃማ ፈረስ በተሸለመው «ጤዛ»፣ አንበርብር እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ሲመለስ አሳይቶ፣ እንዴት እንዳጣው ግን ለረጅም ጊዜ ይነፍገናል፤ የሰውየው ትዝታ ስለ ተሰባበረ ቅንብሩም ተሰባብሮ፣ ከጣና ዳር ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ አዲስ አበባ ሳይታሰብ ይወረወራል፤ ምክንያቱ በመጨረሻ ሲገለጥ፣ በጀርመን ዘረኞች ያደረሱበት ግፍ መሆኑን ስናውቅ፣ ስንጠብቅ የነበርነው መልስ ከምንፈራው ይብስ ነበር ማለት ነው።

ከእነዚህ ጋር ሲተያይ ዛሬ በየአዳራሹና በየስልኩ የሚታየው አብዛኛው የአማርኛ ልብ አንጠልጣይ ፊልም የጎደለው ካሜራ አይደለም፤ ተዋናይም አይደለም። የአደጋው ሙዚቃ ከአደጋው አስቀድሞ ይጀምርና ተመልካቹን ፍራ ብሎ ያዘዋል፤ የታዘዘ ፍርሀት ደግሞ ፍርሀት አይሆንም። አንዱ ጥፊ ከሦስት አቅጣጫ በዝግታ ይደገማል። ሁለት ሰዎች በስልክ ሲነጋገሩ የሁለቱም ፊት፣ የሁለቱም ቃል ሙሉ በሙሉ ይሰጠናል፤ አንደኛውን ወገን ብንነፈግ፣ የምንሰማው የሚያዳምጠውን ሰው ትንፋሽ ብቻ ቢሆን፣ ያው ትዕይንት ያስጨንቀን ነበር። ትዕይንት ወደ ትዕይንት ሲሻገርም ከሰማይ የተነሣ የከተማ ምስል ይደነቀርና በድካም የተገነባውን ሥጋት ያፈስሰዋል። የዚህ ሁሉ ምክንያት በእኔ እምነት አቀናባሪው የሚጠራው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው፤ ቀረጻው ሲያበቃ ፋይሉ ይሰጠዋል፣ ፊልሙ የሚታይበት ቀን ቀድሞ ተለጥፏል፣ ያልተነሣ ምስል ሊጠይቅ አይችልም፣ የረዘመውን ለመጠበቅም ያጠረውን ለመፈተንም ጊዜ የለውም። ስለ ድምፅ ብዙ ማለት ባልሻም፣ ዝምታም በአቀናባሪው እጅ ያለ መሣሪያ መሆኑን፣ የበር ሲጢጥ ማለትና የጫማ ኮቴ ከብዙ ቫዮሊን ይልቅ እንደሚሠሩ ማስታወስ ይበቃል።

በእንጅባራና በዳንግላ የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ወጣቶች በየፎቶ ቤቱ አሉ፤ የብዙ ሰዓት ቀረጻ ተቀብለው፣ የሙሽራዋን እናት ዕንባ ከየት ቦታ አምጥተው የት እንደሚያስገቡት የሚያውቁ፣ ኮምፒዩተሩን በሚገባ የለመዱ ናቸው። የጎደላቸው መሣሪያው ሳይሆን ስለ ሙያው የሚነጋገሩበት መድረክ ነው። ስለዚህ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ወጣቶች ጠርቶ ከላይ የጠቀስኋቸውን ፊልሞች እያስቆመ እንዲያሳያቸው፣ በአውኚ ቋንቋ የሚያሠራጨው የክልሉ መገናኛ ብዙኃንም ለመጪው ጥር 23 የጉግሱን ቀረጻ ያለ ዘፈን፣ በፈረሱ ኮቴና በጋሻው ድምፅ ብቻ ለሚያቀናብር ወጣት ሰዓት እንዲሰጠው፣ የፊልም አዘጋጆችም አቀናባሪውን ከድርሰቱ ንባብ ቀን ጀምረው እንዲያስቀምጡት እጠይቃለሁ።